ከሴፍቲኔት ድጋፍ የሚኖር ሰው ለወረዳ ምክር ቤት ይወዳደር?

አወያይ፦ አራት ኪሎ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው፣ ለእናንተም ላምጣው ብዬ ነው። አንድ ጎረቤታችን በመኪና አደጋ እግሩን ካጣ ወዲህ የሚኖረው በከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ነው። የዕድራችን ጸሐፊም ነው። ለወረዳ ምክር ቤት ልወዳደር ሲል አንዳንዱ አጨበጨበ። ሌላው ደግሞ «መሥራት አልችልም ብሎ ድጋፍ ይወስዳል፣ ለሹመት ሲሆን ይችላል?» አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ተሳዳቢ ይወገዳል።

ቀጥተኛው፦ እኔ ከተቃዋሚዎቹ ነኝ። ቀጥታ ድጋፍ መሥራት ለማይችል ሰው ነው። ሰፈር ለሰፈር መዞር፣ ሰው ማሳመን፣ ስብሰባ መቀመጥ ሥራ አይደለም እንዴ? ተራ የሚጠብቁ ስንት አቅመ ደካሞች አሉ። ነገ ሰው «ሴፍቲኔት የሚሰጠው ለጤነኛ ነው» ቢል ጉዳቱ ለሁሉም ነው።

የካዛንቺሷ፦ ቀጥተኛው፣ መጀመሪያ ፕሮግራሙን እንየው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሁለት ክንፍ ነበረው። ጉልበት ያለው ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ይሠራል፣ ይከፈለዋል። ጉልበት የሌለው ያለ ሥራ ድጋፍ ያገኛል። ከታቀዱት 604,000 ተጠቃሚዎች ቀጥታ ድጋፍ የታሰበላቸው 16 በመቶ ገደማ ናቸው። «መሥራት አይችልም» ማለት አካፋና መጥረጊያ ይዞ መዋል አይችልም ማለት ነው። ማሰብ አይችልም ያለው የለም።

የዕድር አባል፦ ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ስብሰባ ቀን ክራንቹን ከድንኳኑ ምሰሶ ያስደግፍና መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስም ይጠራል። የቀረ ሰው ቅጣቱን ሳይከፍል አያልፍም፣ ማንም ይሁን ማን። አንድ ጊዜ ከወንበር ኪራይ የገባ ብር ሲድበሰበስ «ደረሰኙ የታለ?» ብሎ ሁላችንንም አፍጥጦ የጠየቀ እሱ ነው። ዕድሩ ሲመርጠው «ተረጂ ነህ» ያለው የለም። የቀብር ገንዘባችንን አምነን የሰጠነው ሰው የወረዳ በጀት ላይ እንዳይጠይቅ ምን ይከለክለዋል?

እትዬ ከተክለ ሃይማኖት፦ ልጆቼ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሰውዬው አይደለም፣ ወረዳው ነው። ማን ይረዳ ብሎ ስም የሚለቅመው የሰፈር ኮሚቴ ነው። ዝርዝሩ የሚሄደው ወረዳ ነው። ታዲያ ይሄ ልጅ ተመርጦ የወረዳውን ሥራ አስፈፃሚ «ይህን አጥፍተሃል» ቢለው፣ በሚቀጥለው ዙር ስሙ ቢዘለልስ? ከተናገረ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይሉታል። ዝም ካለ ደግሞ ለምን መረጥነው?

የካዛንቺሷ፦ እትዬ፣ ዋናውን ነገር እርስዎ አነሱት። ግን ይሄ የእሱ ብቻ ችግር ነው? የወረዳ ደመወዝተኛ የሆነ የምክር ቤት አባል አለቃውን እንዴት ይጠይቃል? የቀበሌ ቤት ተከራይስ? ከመንግሥት እጅ የሚጠብቅ አይወዳደር ካልን፣ አራዳና ልደታ ላይ የሚቀረን ዕጩ ባለ ሕንፃ ብቻ ነው። (እሱም የሊዝ ጉዳይ አለበት፣ ይቅር።)

ሕጉ እንደሆነ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መምረጥና መመረጥን ለዜጋ ያለ ልዩነት ይሰጣል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። አንዱን ለማግኘት ሌላውን አስረክብ የሚል አላየሁም። የምርጫ አዋጁ 1162/2011 እንኳ ለፓርቲዎች የመንግሥት ድጋፍ ሲከፋፈል የአካል ጉዳተኛ ዕጩዎች ቁጥር እንዲታይ ይላል። ሕጉ ኑ እያለ እኛ በር እንዝጋ?

ለእትዬ ስጋት መፍትሔው ሰውዬውን ማስቀረት አይደለም። የድጋፍ ዝርዝር ሲነሳ ከስብሰባው ይውጣ። የተመረጠ ተረጂን ስም የመሰረዝ ሥልጣን ደግሞ ከወረዳው ይወሰድና ክፍለ ከተማው ይየው። ያኔ ማንም በድጋፉ አያስፈራራውም።

ከለንደን፦ እዚህ አገር ያለውን ልንገራችሁ። ፒአይፒ የሚባለው ክፍያ አካል ጉዳት ለሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ነው። ብትሠራም ባትሠራም ይከፈላል፣ ገቢህ አይታይም። ኢኤስኤ ግን በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት የመሥራት አቅሙ ለተገደበ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ለአካባቢ ምክር ቤት አባላት የተለየ ደንብ አለው። የምክር ቤት ሥራ ከድጋፍ አያስወጣህም፣ አበልህ ከገደቡ ካለፈ ግን ትርፉ ይቀነሳል። ከ2012 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ዕጩዎች እንደ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚና ትራንስፖርት ያለውን ተጨማሪ ወጪ የሚሸፍን ፈንድ ነበር። ከዚያ ቆመ። ስለዚህ እዚህም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም።

ቀጥተኛው፦ የመቀነሱ ነገር ይገባኛል። አበል ካገኘ ያሳውቅ፣ ይቀነስ። እኔን የሚያስቸግረኝ አበሉን የሚደብቅ ሲመጣ ነው። እኛ ጋ ማን ይቆጣጠራል?

ፌዘኛው፦ ቆይ ቆይ፣ የትኛው ምርጫ? እኔ ለወረዳ ድምፅ የሰጠሁት ሚያዝያ 2005 ነው። ሰኔ 2013 የመረጥነው ለፓርላማና 138 መቀመጫ ላለው የከተማው ምክር ቤት ነው፣ የወረዳ ወረቀት አልተሰጠኝም። ሰውዬው መጀመሪያ ምርጫው ይምጣለት።

የዕድር አባል፦ ሳቅሁ፣ እውነት ነው። ሲመጣ ግን ሌላ ጣጣ አለ። የእኛ ወረዳ አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁን የሚለው የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ከወጣ ስንት ዓመቱ! አዲሱ የኮሪደር የእግረኛ መንገድ ሰፊ ስለሆነ እስከ በሩ በደንብ ይደርሳል። ከበሩ በኋላ ያለውን ደረጃ ማን ያወጣዋል? ባለፈው ለአንድ ፊርማ ሄዶ ሠራተኛዋ ወርዳ መኪና ኮፈን ላይ ነው ያስፈረመችው።

እትዬ ከተክለ ሃይማኖት፦ ደግ ልጅ ናት። ግን ጉባኤውን ኮፈን ላይ አያደርጉለትም።

ቀጥተኛው፦ እሺ፣ ይወዳደር። ዝርዝሩ ሲነሳ ይወጣል፣ አበሉን ያሳውቃል። እህቱ ወይም ሚስቱ ኮሚቴው ውስጥ ብትኖርስ?

የካዛንቺሷ፦ እሷም ትውጣ። ግን ይሄን ጥያቄ እግር ላላቸው ዕጩዎችም ጠይቅልኝ፣ የእነሱ ዘመድ ኮሚቴ ውስጥ ሲኖር ማንም ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።