ጥያቄ፦ ልጄ 36/60ን አቃልላ 18/30 ጻፈች፤ ለምን ስህተት ተባለ?

የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ እርዱኝ። ልጄ ፈተና ላይ 36/60ን እስከ መጨረሻው አቃልይ ተብላ፣ ላይም ታችም ለ2 አካፍላ 18/30 ጻፈች። ኤክስ ተደረገባት። «በትክክል አካፍያለሁ እኮ!» ብላ አለቀሰች። መልሱ 3/5 ነው ስላት ደግሞ «ቁጥሩ አንሶ እንዴት እኩል ይሆናል?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ጡረተኛ አስተማሪ፦
አይዞሽ እህቴ። ልጅሽ ያካፈለችው ልክ ነው፤ 18/30 እና 36/60 እኩል ናቸው። ግን መንገድ ላይ ቆማለች። 18ም 30ም ገና ለ6 ይካፈላሉ፤ 3/5 ይሆናል። 3ን እና 5ን አንድ ላይ ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከ1 በቀር የለም። የሚቆመው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ይበልጥብኛል፤ መጀመሪያ እሱን መልሺላት። ዛሬ ማታ አንድ እንጀራ ትሪ ላይ ዘርጊ። እኩል 4 ቦታ ቁረጪና 3ቱን ወደ እሷ አድርጊ። 3/4 ደረሳት። አሁን እያንዳንዱን ቁራጭ ለሁለት ክፈይው። ትሪው ላይ 8 ቁራጭ አለ፤ የእሷ 6 ነው። «እንጀራሽ ጨመረ?» በያት። ራሷ አልጨመረም ትላለች። ታህቱ ስንት ቦታ እንደተቆረጠ ይናገራል፤ ላዕሉ ስንቱ እንደተወሰደ። ማቃለል ማለት የተቆራረጠውን መልሶ ማገጣጠም ነው። ቁራጩ በቁጥር ያንሳል፣ ግን እያንዳንዱ ይተልቃል።

ቧንቧ ሠራተኛ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ሜትሬ ላይ አንዱ ኢንች 16 ቦታ ተከፍሏል። 12ኛው መስመር ላይ ሲያርፍ 12/16 ነው፤ ስናገር ግን «ሦስት አራተኛ ኢንች» ነው የምለው። ሜትር ስጫትና መስመሮቹን በጣቷ ትቁጠር።

የሂሳብ ተማሪ፦
አካፋዩ ወዲያው ካልታየ ማቀናነስ ይሠራል፤ የጥንቱ ግሪካዊ ኢውክሊድ የጻፈው ዘዴ ነው። ለምሳሌ 91/119። ከትልቁ ትንሹን ቀንሺ፦ 119 − 91 = 28። ከዚያ 91 ሲቀነስ 28 ሦስት ጊዜ፣ 7 ይቀራል። 28 ደግሞ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ትልቁ የጋራ አካፋይ 7 ነው፤ 13/17 ሆነ፣ አለቀ። የእሷን ሞክሪው፦ 60 − 36 = 24፣ 36 − 24 = 12፣ 24 ለ12 ይካፈላል። በ12 አንዴ ብታካፍል ኖሮ ቀጥታ 3/5 ትደርስ ነበር።

ሌላ ወላጅ፦
የእኔ ልጅ 30/50 ላይ ዜሮዎቹን ሰርዞ 3/5 አገኘ። ልክ ነው፣ ሁለቱም ለ10 ተካፈሉ። ከዚያ 105/205 ላይም መጨረሻ ያሉትን 5ቶች ሰርዞ 10/20 ጻፈ! ይህን ተጠንቀቂ። ለ5 ሲካፈሉ 21/41 ነው የሚሆነው። መሰረዝ የሚያምረው ማካፈል ሲሆን ብቻ ነው።

የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንጀራው ሠርቷል፤ ቁራጮቹን ራሷ እያገጣጠመች «6/8ም 3/4 ነው!» አለች። አሁን ደግሞ 8/15 ይቃለላል ብላ ትከራከረኛለች። 8 ለ2 ይካፈላል፣ 15 ለ3 ይካፈላል ነው የምትለው።

ጡረተኛ አስተማሪ፦
ጎበዝ፣ ጥሩ ክርክር ነው! ግን አካፋዩ የጋራ መሆን አለበት። የ8 አካፋዮች 1፣ 2፣ 4፣ 8 ናቸው። የ15 ደግሞ 1፣ 3፣ 5፣ 15። ሁለቱም ዘንድ ያለው 1 ብቻ ነው፤ ስለዚህ 8/15 እንዳለ ይቀመጣል። ነገ 84/126ን ስጫትና የደረሰችበትን ጻፊልን።

የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
አሁኑኑ ሠራችው። 126 − 84 = 42፤ 84 ለ42 ሁለት ጊዜ። 2/3 ብላለች።