ኬሞ የደም ሴል ሲያወርድ ምን ልግዛ? የት ላስመርምር?

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ በየ3 ሳምንቱ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ትወስዳለች። ባለፈው ቀጠሮዋ «ነጭ የደም ሴልሽ ወርዷል» ተብላ ሳትወስድ ተመለሰች። ጎረቤት ቀይ ሥር ጭመቂላት ይለኛል። ፋርማሲ ደግሞ የሚወጋ መድኃኒት አለ አሉኝ። ላብራቶሪስ የት ይሻላል? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አክስቴን በዚሁ ሕክምና አስታምሜያለሁ። ኬሞ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሴል ነው። የአጥንት መቅኒም ሌት ተቀን ደም ስለሚያመርት አብሮ ይመታል። ነጩ ሴል አብዛኛውን ጊዜ በጣም የሚወርደው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። ቀይ ሥር ይህን አያነሳውም። የብረት ክኒንም እንደዚያው። እናትሽ ከወደዱት ተቀቅሎ ይብሉ፤ ብቻ ሽንት ስለሚያቀላ ደም መስሏችሁ ቤቱ እንዳይታመስ።

መጀመሪያ ቴርሞሜትር ግዢ። ብብት ሥር የሚገባው ዲጂታል ይበቃል። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ውድ ነው፤ ከፀሐይ የገባን ሰው ሲለካም ይሳሳታል። የሜርኩሪው ሲሰበር ሌላ ጣጣ ነው፣ ተዪው። 38 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል! ገና በር ላይ «ኬሞ ላይ ናቸው» በይ። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ነው የሚመከረው። ሙቀታቸውን ሳትለኪ ፓራሲታሞል አትስጪ፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። አሞክሲሲሊን ገዝቶ ቤት ማደር ደግሞ አይታሰብም።

ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራው፣ የትም ይሠራል። የመንግሥት ሆስፒታል በዋጋ ይሻላል፤ ግን ሰልፍ አለ፣ ሰልፉ ላይ የሚያስል ሰው አለ፣ ስለዚህ ማስክ አድርጊላቸው። የግሉ ቶሎ ያደርሳል። እኔ አንዱን ይዞ መቀጠልን እመርጣለሁ፣ ውጤቱን ከባለፈው ጋር ለማስተያየት ይቀላል። ዋናው ነገር ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋው ነጭ ሴል) ለብቻው ተጽፎ መውጣቱ ነው። ነጭ ሴል 2,000 ሆኖ ኒውትሮፊሉ 30 በመቶ ከሆነ ያላቸው 600 ብቻ ነው። ከ500 በታች ከወረደ ከባድ ነው። ከቀጠሮው 1 ወይም 2 ቀን አስቀድማችሁ አሠሩ፤ በከንቱ ከመመላለስ ያድናል።

ነጩን ሴል የሚያነሳው መርፌ ፊልግራስቲም ይባላል፤ ለተወሰኑ ቀናት በየቀኑ ይወጋል። ፔግፊልግራስቲም የሚባለው ደግሞ በአንድ ዙር አንዴ ነው። የአንዱ መርፌ ዋጋ ብቻ ከታየ ሁለተኛው ይወደዳል፤ የማስወጊያውንና የታክሲውን ደምረሽ ግን አስቢው። ለሁሉም ታካሚ አይታዘዝም፣ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ኬሞው ካለቀ 24 ሰዓት ሳይሞላም አይወጋም። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ፋርማሲ፣ ከዚያ ከነማንና ቀይ መስቀልን ጠይቂ፤ ካጣሽ ወደ ግሉ። ከፍሪጅ ሲያወጡት በዓይንሽ ካላየሽ አትግዢ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። በፌስታል አንጠልጥሎ ሚኒባስ መጠበቅ አይሆንም። በረዶ ያለበት ትንሽ ሳጥን ያዢ፤ መርፌው ግን በረዶውን አይንካ፣ በረዶ ከሠራ ሊበላሽ ይችላል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ብዙ አታከማቺ።

ምግብ ላይ፣ በዓል ቢመጣም ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎና ያልተፈላ ወተት ይቅር። ጉንፋን የያዘው ጠያቂም በስልክ ይጠይቅ። ቅር የሚለው ዘመድ አይጠፋም፣ ይበለው።

ሌላ መልስ፦ እኔ ስለ ደም ልጨምር። ኬሞ ቀዩን ሴልና ፕላትሌትንም (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን) ያወርዳል። ፕላትሌት ከ10,000 በታች ሲሆን ባይደሙም ይሰጣቸው ይሆናል። ደም በገንዘብ አይገዛም፤ ሆስፒታሉ ከደም ባንክ ነው የሚያመጣው። ፕላትሌት ከተቀዳ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ስለሆነ እጥረት አለ። ዘመድ ወዳጅ ካሁኑ ይለግስ። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ ማረፊያ ያጣችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ፤ ታማሚው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ተስፋ አዲስን። ቦታ መኖሩን ቀድሞ መደወል ነው።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መርፌውን ሐኪሟ አዘዘላት፣ ትናንት ጀመረች። ግን ወገቤንና አጥንቴን ቆረጠመኝ ትላለች። ዲክሎፌናክ ልስጣት?

መልስ፦ አይሆንም። መርፌው መቅኒውን ስለሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመሙ የተለመደ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ግን ፕላትሌት ዝቅ ባለበት ሰዓት ደም ያፈሳሉ። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውይና የሚሆናትን ማስታገሻ ይንገሩሽ። ፓራሲታሞል ካሏት ደግሞ ከመስጠትሽ በፊት ሙቀቷን ለኪ።