ኮሚናሉ ይከራይ ወይስ ለነዋሪው ይቆይ?

መነሻ ጥያቄ
በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በሌሎችም የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በብሎኮች መሀል የጋራ መገልገያ ቤት አለ፤ ኮሚናል የምንለው። የታሰበው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለለቅሶና ለድግስ ነበር። ዛሬ አንዳንዱ ለመዋዕለ ሕፃናት ወይም ለሱቅ ተከራይቷል፣ አንዳንዱም ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል። የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ቢያከራዩት ይሻላል ወይስ ለታሰበለት ሥራ ይመለስ? ምክንያታችሁን ከነዝርዝሩ፣ በብዕር ስማችሁ ሥር ጻፉ።

ብሎክ 17
ይከራይ። ሒሳቡን በምሳሌ ላስቀምጥ፦ 240 ቤት ያለው ማኅበር በወር 150 ብር መዋጮ ቢጥል 36,000 ብር ነው። ሩቡ ሳይከፍል ቢቀር 27,000 ይቀራል። አራት ጥበቃ በፈረቃ ለእያንዳንዱ 6,000 ሲከፈለው 24,000 በዚያው አለቀ። በተረፈው 3,000 ብር የደረጃ ጽዳት፣ የግቢ አምፖል፣ የፍሳሽ መኪና? አይሆንም። መዋጮ የሚጓደለው በአብዛኛው ባለቤቱ ሌላ ቦታ ከሚኖርበት ቤት ነው። ተከራዩ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል፣ ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። ኪራይ ግን በየወሩ ይገባል።

ፍሳሽና ቧንቧ
ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ የጎደለው የጥፋቱ ወጪ ነው። ኮሚናል ሲከራይ ተከራዩ መጀመሪያ የሚያደርገው ወለሉን በሴራሚክ ማልበስ ነው። የማረጃው የፍሳሽ መውረጃ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ቤቱ ውስጥ ወይም ደጃፉ ላይ ማንሆል (የፍሳሽ መስመሩ መክፈቻ ጉድጓድ) ካለም አብሮ ይሸፈናል። ከዚያ የብሎኩ መስመር ሲዘጋ መክፈቻ አይገኝም። ፍሳሹ መውጫ ሲያጣ ዝቅተኛውን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ እሱም የምድር ቤት ነዋሪዎች ሽንት ቤት ነው። ያኔ ሴራሚክ መስበር፣ ከተከራይ ጋር መጨቃጨቅ፣ መስመሩን ማስጠረግ ይመጣል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለ ቧንቧ ከመሬት 12 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ውኃ ወደዚያ ለመውጣት ብቻ 1.2 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል፣ በመስመሩ ላይ የሚባክነው ሳይቆጠር። የኮሚናሉ ቧንቧ ምድር ላይ ስለሆነ ግፊት ሲቀንስ መጨረሻ ላይ የሚደርቀው እሱ ነው። ስለዚህ በፈረቃ ቀን ላይኛው ፎቅ ያለች እናት ጀሪካኗን የምትሞላው እዚያ ነው። ቤቱ ሲከራይ ቧንቧውም ከበሩ ጋር ይቆለፋል። አንዳንዱ መፍትሔ ብሎ ፓምፕ በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ ይገጥማል። ይህ አደገኛ ነው፤ ፓምፑ ሲስብ መሬት ውስጥ በተሰነጠቀው ቧንቧ በኩል ቆሻሻ ውኃ አብሮ ይገባል፣ የጎረቤትንም ውኃ ይነጥቃል። ትክክለኛው መንገድ መሬት ላይ ሮቶ አስቀምጦ፣ ውኃው በራሱ ግፊት እስኪሞላው ጠብቆ፣ ፓምፑ ከሮቶው እንዲስብ ማድረግ ነው። ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋ ፍሎት ካልተገጠመ ፓምፑ ባዶውን እየዞረ ይቃጠላል።

የእድር ዳኛ
ለቅሶ ቀጠሮ የለውም። ሰው ሲያርፍ ድንኳን በመንገዱ ላይ ቢተከል መኪና ይዘጋል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው ውስጥ መቀመጥ ነው። የእድሩ አግዳሚ፣ ብረት ድስትና ሳህንስ የት ይቀመጥ? ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ 40 ለቀስተኛ አይገባም። ኮሚናሉ የተሠራውም እያንዳንዱ የኮንዶሚኒየም ቤት የራሱ ግቢ ስለሌለው ነው።

አዋጁን እናንብ
የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የሁሉም ቤት ባለቤቶች የጋራ ሀብት ያደርጋል። ኮሚናሉም የኮሚቴው ሀብት አይደለም። ከመከራየቱ በፊት የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ምን ይላል፣ ጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ በቃለ ጉባኤ አስፍሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ ድምፅ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው፤ ኮሚናሉን የሚጠቀመው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤት ተከራይ ነው። ሌላ ሰፈር የሚኖር ባለቤት «ይከራይ» ሲል የሚያጣው ነገር የለም። የክርክሩ ሥር ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ስሪ ፌዝ
ስለ መጋገሪያው ልጨምር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። አራት ምጣድ በአንድ ፌዝ ላይ ካሰራችሁ 64 አምፔር ይሆናል፣ ብሬከሩ ይወርዳል ወይም ሽቦው ይግላል። ስለዚህ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኃይል) ይጠየቅ፣ ምጣዶቹ በሦስቱ ፌዝ ይከፋፈሉ፣ ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ብሬከርና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሁንለት። ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም፤ ሶኬቱ ቀልጦ ይጣበቃል። ቆጣሪው ከግቢው መብራት ቆጣሪ ካልተለየ ደግሞ የእንጀራ ነጋዴ ገብታ ሌት ተቀን ትጋግርና ሒሳቡን ሁሉም ይከፍላል።

ብሎክ 17
የማረጃው ጉዳይስ? በፋሲካና በአረፋ ማግሥት ግቢው ከሽታው የተነሳ አይቻልም። ሰው ተማሮ ነው «ይከራይ» ያለው። በጎረቤት ግቢ ማንሆሉ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ፈሰሰ።

ፍሳሽና ቧንቧ
በዋናነት የሚዘጋው ደሙ አይደለም፤ ፈርስና ስብ ነው። ፈርስ በጭራሽ ወደ ፍሳሽ አይግባ። በማዳበሪያ ታስሮ ከቆሻሻ ማኅበራቱ ጋር ይውጣ። ለስቡ፣ ከማረጃው ወለል ቀጥሎ 60 በ60 በ60 ሴንቲ የሆነ ጉድጓድ ይሠራ። መውጫ ቧንቧው በክርን ወደ ታች ይታጠፍና ጫፉ ከውኃው ወለል 20 ሴንቲ ያህል ይጥለቅ፤ ስቡ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ውኃው ከሥር ያልፋል። ከበዓሉ በኋላ በሁለተኛው ቀን በአካፋ ይጠረግ። ወለሉ ወደ መውረጃው በሜትር 2 ሴንቲ ይዘቅዝቅ፣ መስመሩ 110 ሚሊ ይሁን፣ አፉ ላይ ወንፊት ብረት ይደረግ። የፈላ ውኃ እናፍስበት የምትሉ ሰዎች ተዉት፤ የበግ ስብ ሙቀት ላይ ቀልጦ አምስት ሜትር ርቆ ይረጋል፣ ያኔ መንጠቆም አይደርስበትም።

ብሎክ 17
ይህ ከተሠራ እሺ። ለጥበቃው ገንዘብ ግን መልስ አልሰጣችሁም።

አዋጁን እናንብ
ከፊሉን አከራዩ። ውሉ ከአንድ ዓመት አይብለጥ። የሚከራየው ክፍል ተለይቶ ይጻፍ፤ ማረጃው፣ ቧንቧውና የእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ ከውሉ ውጭ ይሁኑ። ማንሆልና መውረጃ መሸፈን ክልክል መሆኑ፣ ተከራዩ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ግድግዳ እንደማያቆም፣ ለሦስት ወር ኪራይ የሚሆን መያዣ እንደሚያስይዝ ይጻፍ። ኪራዩ በባንክ ብቻ ይግባ፣ ወጪው በሁለት ፊርማ ይሁን፣ ደረሰኙም በየሦስት ወሩ በብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ።

የእድር ዳኛ
አንድ አንቀጽ ጨምሩልኝ፦ በግቢው ለቅሶ ሲደርስ ተከራዩ አዳራሹን እስከ ሠልስት ይለቃል፤ የቀረበት ቀን ከኪራዩ ይቀነስለታል።