ጥቆማ፦ ቪላኖችን (አንድን የኮምፒውተር ኔትወርክ የሚከፋፍሉ ምናባዊ ክፍሎችን) በአንድ ራውተር ለማገናኘት የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ 18 ኮምፒውተሮች ያሉት ክሊኒክ ነው። ሒሳብ ክፍሉን፣ ሐኪሞቹንና የእንግዶችን ዋይፋይ በየራሳቸው ቪላን መለየት እንፈልጋለን። ያገለገለ ሲስኮ 2811 ራውተር በጥሩ ዋጋ ቀርቦልናል። እንግዛው?

መልስ፦ ይተዉት። ሁለቱም ፖርቶቹ በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት አያልፉም። በአንድ ገመድ ብቻ ሲሠራ ደግሞ ከቪላን ወደ ቪላን የሚሄደው መረጃ ሁሉ በዚያው ገመድ ወደ ራውተሩ ገብቶ በዚያው ይመለሳል፤ ከባድ የራጅ ምስል ሲላክ ሌላው ሁሉ ይዘገያል። ሲስኮ 2901 ጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ፖርት አለው፤ ነገር ግን አምራቹ ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል። ለመማሪያ ይሁን እንጂ የሕሙማን መረጃ አይታመንበትም።

እኔ የምመርጠው ሚክሮቲክ ሄክስ የተባለውን ራውተር ነው። አምስቱም ፖርቶቹ ጊጋቢት ናቸው፤ የሚወስደው ኃይል ትንሽ በመሆኑም መብራት ሲጠፋ አነስተኛ ዩፒኤስ ብዙ ያቆየዋል። ሚክሮቲክ የሚያውቅ ባለሙያ በቅርብ ከሌለ ግን ቲፒ-ሊንክ ኢአር605 ይውሰዱ፤ ቅንብሩ ይቀላል።

ከራውተሩ ይልቅ ስዊቹን (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘውን ሳጥን) አጥብቀው ይምረጡ። የቲፒ-ሊንኩ ስዊች ቲኤል-ኤስጂ1024ዲ ቪላን አይሠራም፤ መጨረሻው ላይ «ኢ» የተጨመረበት 1024ዲኢ ግን ይሠራል። መልካቸው ስለሚመሳሰል ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብበው ይክፈሉ። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ፖርት የሁሉንም ቪላን መለያ ይዞ ያሳልፍ፤ የኮምፒውተሮቹ ፖርቶች ያለ መለያ ይሁኑ። በዚህ ስዊች ፒቪአይዲ የሚባለው፣ ያለ መለያ የሚገባው መረጃ የየትኛው ቪላን እንደሆነ የሚወስነው ቁጥር፣ በሌላ ገጽ ለብቻው ይሞላል። እሱ 1 ላይ ከቀረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ስለማያገኝ ለራሱ የሰጠውን በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ጥፋቱን ራውተሩ ላይ ይፈልጋል።

ደግሞም ቪላን መለየት ብቻውን ጥበቃ አይደለም። ከእነዚህ ራውተሮች የትኛውንም ቢገዙ፣ ራውተሩ ካልተከለከለ በቀር ቪላኖቹን እርስ በርስ ያገናኛል። የእንግዶች ዋይፋይ ወደ ሒሳብ ክፍል እንዳይደርስ የሚያግድ ደንብ በመጀመሪያው ቀን ይጻፍ፤ ከዚያ በእንግዳው ዋይፋይ ገብተው የሒሳብ ክፍሉን ማተሚያ ለመክፈት ይሞክሩ።

ሌላ መልስ፦ በሄክስ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፦ የራጅ ምስል የሚቀመጥበትን ሰርቨር ከሐኪሞቹ ጋር በአንድ ቪላን ያድርጉት። ያኔ ከባዱ ፋይል ስዊቹ ውስጥ ብቻ ያልፋል፤ ራውተሩንም አይነካም።