በኮድ ስሕተት ምክንያት የሚመጣውን ጭንቀት እንዴት ትወጡታላችሁ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ደብረ ብርሃን ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ አነስተኛ ቡድን እመራለሁ። ከባልደረቦቼ አንዷ፣ ከተመረቀች ብዙ ያልቆየች ጎበዝ ልጅ፣ በጻፈችው ኮድ ላይ ስሕተት ተገኘ በተባለ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ድምፅዋ ይጠፋል። ባለፈው ጳጉሜን ፕሮግራሙ አምስቱን ቀናት እንደ ሙሉ ወር ቆጥሮ ተበዳሪዎችን የሠላሳ ቀን ወለድ በማስከፈሉ፣ ከመንዝ ድረስ የመጡ አባላት በማኅበሩ መስኮት ፊት ሲያጉረመርሙ በስልክ ሰማች። ኮዱ በማግስቱ ተስተካክሎ ትርፉ ገንዘብ ቢመለስም፣ ከዚያ ወዲህ የወለዱን ክፍል መንካት ትፈራለች፤ አንዲት መስመር ለመለወጥ ፋይሉን ከፍታ መልሳ ትዘጋዋለች። «አይዞሽ» ማለት እንዳልበቃ አይቻለሁ። በሙያው የቆያችሁ እንዲህ ያለውን ስሜት በምን ትወጡታላችሁ?

መልስ 1፦
ጊዜ ይስጧት። ስሕተቱ ሲደጋገም ትለምደዋለች፤ ሁላችንም የለመድነው እንዲሁ ነው።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው አስተያየት አልስማማም። የሰው ገንዘብ በሚያሰላ ፕሮግራም ላይ፣ ከምትፈራው ልጅ ይልቅ ለምዶት ግድ የማይሰጠው ሰው ያሰጋኛል። በእኔ እምነት እሷን የሚጎዳት የራሷን ስሕተት ብቻ እያየች የሌሎቻችንን አለማየቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ካምብሪጅ ውስጥ ሥራ የጀመረውን ኤድሳክ የተባለ ኮምፒውተር ግንባታ የመራው ሞሪስ ዊልክስ፣ ከቀሪ ዕድሜው ብዙው የገዛ ፕሮግራሞቹን ስሕተት ሲፈልግ እንደሚያልፍ የተገነዘበው በዚያን ዘመን እንደነበር ጽፏል። ዶናልድ ክኑዝ ደግሞ ቴክ በተባለው የኅትመት ፕሮግራሙ ላይ የተገኙትን ስሕተቶች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በመዝገብ ሲይዝ ቆይቶ በ1989 ለአደባባይ አሳትሟቸዋል። እርስዎም በቢሮዎ እንዲህ ያለ መዝገብ ይክፈቱ፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ግን የእርስዎና የአንጋፋዎቹ ስሕተቶች ይሙሏቸው፤ አለዚያ የክስ መዝገብ ይመስላታል።

መልስ 3 (ከሸዋ ሮቢት)፦
የመዝገቡን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ፍርሃቷን ሁሉ የስሜት ጉዳይ አናድርገው። የወለዱን ስሌት የሚፈትሽ ቴስት (ፕሮግራሙ ትክክለኛውን ውጤት መስጠቱን በራሱ የሚያረጋግጥ ሌላ ኮድ) ከሌለ መፍራቷ ተገቢ ነው። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ 2019 ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው። ባለአምስቱንም ባለስድስቱንም ጳጉሜን፣ እንዲሁም ነሐሴ ላይ ተወስዶ መስከረም ላይ የሚመለስ ብድርን ያካተተ ቴስት ከእሷ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉ፤ ኮዱን በነካች ቁጥር ምን እንደተበላሸና ምን እንዳልተበላሸ ወዲያው ስታይ እጇ ይፈታል። የደንበኛ ስልክም በቀጥታ እሷ ዘንድ አይድረስ፤ ቁጣን መቀበል የኃላፊ ሥራ ነው (ደመወዙም ለዚሁ ነው)። ደግሞስ ያ ኮድ ለማኅበሩ ከመሰጠቱ በፊት ከእሷ ሌላ ያነበበው ሰው ነበር? ካልነበረ ሸክሙን እሷ ብቻ እንድትሸከመው መተው ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ይህንንም ከእርስዎ አንደበት ብትሰማው መልካም ነው።