ተጠያቂነት በትናንሽ ፊርማዎች መካከል ሲጠፋ፦ የኤፕስቲን ጉዳይና የዌስት ባንክ መጠቅለል

ሕሊና (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ የዚህ ውይይት ተሳታፊዎች፣ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። በአንድ በኩል የጄፍሪ ኤፕስቲንን ጉዳይ ስከታተል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ በርካታ ልጃገረዶችን ያጠቃ ባለጸጋ፣ ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም እያወቁት ለዓመታት በነጻነት እንደኖረ እመለከታለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር የያዘችው የፍልስጤማውያን ግዛት ዌስት ባንክ፣ የመጠቅለል (ወደ እስራኤል ግዛት የመቀላቀል) ዐዋጅ ሳይወጣበት፣ ቁራሽ በቁራሽ እየተጠቀለለ መሆኑን አነባለሁ። ጉዳዮቹ በባሕርያቸው የተለያዩ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ በመካከላቸው ስውር ሴራ አለ ለማለትም አልመጣሁም። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ «ይህን የወሰንሁት እኔ ነኝ» የሚል ባለሥልጣን ሳይገኝ ነገሩ ተፈጽሞ ይገኛል። ጥፋት በብዙ ትናንሽ ውሳኔዎች ተከፋፍሎ ሲፈጸም ተጠያቂው ማን ነው? የተደበቀውን ሰነድ ይፋ ማውጣትስ ብቻውን ይበቃልን?

ሚዛን፦

ጠያቂያችን፣ ሴራ ፍለጋውን ትተው ወደ አሠራሩ በመግባትዎ አመሰግናለሁ። በኤፕስቲን ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ በምስጢር የተያዘው ሳይሆን ለዓመታት በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ተቀምጦ የኖረው ነውና።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 በአሌክሳንደር አኮስታ ይመራ የነበረው የደቡብ ፍሎሪዳ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ከኤፕስቲን ጋር ክስ ላለመመሥረት ተስማማ። የፌዴራሉ ክስ ቀርቶ ሰውየው በ2008 በፍሎሪዳ ፍርድ ቤት በሁለት ክሶች ጥፋተኝነቱን አመነ፤ 18 ወር ተፈርዶበትም 13 ወር ያህል ብቻ ታስሮ ወጣ። በእስሩ ጊዜ እንኳን በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን እስከ 12 ሰዓት ድረስ፣ ወጥቶ ቢሮው እንዲውል ተፈቅዶለት ነበር። የስምምነቱ ከባድ አንቀጽ ግን ሌላ ነው፦ በስም ለተጠቀሱ አራት ሰዎች ብቻ ሳይሆን፣ ማንነታቸው ላልተገለጸ «ሊኖሩ ለሚችሉ ተባባሪዎች» ሁሉ ከለላ ሰጥቷል። መርማሪ ማን እንደሆኑ አጣርቶ ሳይጨርስ፣ ክስ እንደማይቀርብባቸው አስቀድሞ ቃል ተገባላቸው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲፈጸም ተጎጂዎቹ አልተነገራቸውም። በ2004 የወጣው የወንጀል ተጎጂዎች መብት ሕግ ዐቃቤ ሕግ ከተጎጂዎች ጋር እንዲመካከር ያስገድዳል፤ ዳኛ ኬነት ማራም በፌብሩዋሪ 2019 ጽሕፈት ቤቱ ሕጉን እንደጣሰ ፈረዱ። ይሁን እንጂ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2021 በሙሉ ችሎት ተሰይሞ፣ የፌዴራል ክስ ስላልተመሠረተ ተጎጂዎቹ በዚያ ሕግ ራሳቸውን ችለው መክሰስ አይችሉም አለ። እስኪ ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት፤ የተበደሉበት ነገር ክሱ እንዳይመሠረት መደረጉ ሆኖ ሳለ፣ አቤቱታቸው የተዘጋውም ክሱ ስላልተመሠረተ ነው።

የፍትሕ ሚኒስቴሩ የሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤትም በኖቬምበር 2020 አኮስታ የማመዛዘን ጉድለት አሳይተዋል እንጂ የሙያ ጥፋት አልፈጸሙም ሲል ደመደመ። አኮስታ በዚህ መካከል የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነው ነበር፤ የለቀቁት ኤፕስቲን በጁላይ 2019 እንደገና ሲያዝ ነው። ኤፕስቲን በዚያው ዓመት ኦገስት 10 ቀን በኒው ዮርክ እስር ቤት ሞቶ ሲገኝም እንዲሁ ሆነ፦ ጠባቂዎቹ ሳይጎበኙት ጎብኝተነዋል ብለው መዝገብ ሞልተዋል፤ ክሳቸው ግን በስምምነት ተዘግቷል። ከመላው የተባባሪዎች ዝርዝር ተከሳ የተፈረደባት የቅርብ ወዳጁ ጊሌን ማክስዌል ብቻ ናት፤ በ2022 የ20 ዓመት እስራት ተበይኖባታል።

አድማስ፦

ሚዛን ስለ መጀመሪያው ጉዳይ በሚገባ ስላስረዱን እኔ ስለ ሁለተኛው እጽፋለሁ። እስራኤል ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንና የጎላን ከፍታዎችን ስትጠቀልል በ1980 እና በ1981 በሕግ አውጥታ አስታወቀች፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በውሳኔ 478 እና 497 ተቀባይነት የላቸውም አለ። በዌስት ባንክ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ እጅግ ብልሃት የተሞላበት በመሆኑም ነው ብዙ ሰው ሳያስተውለው የቀረው።

በ1979 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኤሎን ሞሬ ለተባለው የእስራኤላውያን ሰፈራ የፍልስጤማውያን የግል መሬት በወታደራዊ ምክንያት መወሰዱ ሕጋዊ አይደለም ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ መሬትን በወታደር ትእዛዝ መውሰዱን ትቶ ወደ 1858ቱ የኦቶማን የመሬት ሕግ ዞረ፦ ያልታረሰ ወይም የባለቤትነቱ ማስረጃ ያልተሟላ መሬት «የመንግሥት መሬት» ተብሎ ይታወጃል፤ ከዚያም ለሰፈራ ይመደባል። በመሬት ምዝገባ ረገድ ከአካባቢው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ዮርዳኖስ ከ1967 በፊት አካባቢውን ባስተዳደረችበት ዘመን ተመዝግቦ ነበር፤ የቀረው ምዝገባ በ1968 በወታደራዊ ትእዛዝ 291 ስለታገደ፣ አብዛኛው ገበሬ ትውልድ ተሻግሮ ያረሰውን መሬት በወረቀት ማስረዳት አይችልም። በ2024 በዮርዳኖስ ሸለቆ 12.7 ካሬ ኪሎ ሜትር በአንድ ጊዜ የመንግሥት መሬት ሲባል፣ በእስራኤልና በፍልስጤማውያን መካከል ከተደረገው የ1993ቱ የኦስሎ ስምምነት ወዲህ ትልቁ ነጠላ እወጃ ነበር።

ጠያቂያችን «ማን ወሰነ?» ላሉት አንድ የቆየ መልስ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር አሪየል ሻሮን ራሳቸው ያዘዙት የሕግ ባለሙያዋ የታሊያ ሳሶን ሪፖርት በማርች 2005 ሲወጣ፣ ያለፈቃድ ተሠሩ የተባሉት የሰፋሪዎች መንደሮች ከመንግሥት ተሰውረው የበቀሉ ሳይሆኑ በራሳቸው በሚኒስቴሮች ገንዘብና እገዛ የተቋቋሙ መሆናቸውን አሳየ። አንዱ መሥሪያ ቤት መንገድ ይጠርጋል፤ ሌላው ቤት ያቀርባል፤ ሌላው መብራት ይስባል፤ ጦሩ ይጠብቃል። ሕገ ወጥነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ያደረገው የየራሱን ቁራጭ ነው። ያ ሪፖርት ወንጀል ነክ ምርመራ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር፤ ብዙዎቹ መንደሮች ግን በኋላ ሕጋዊ ተደረጉ።

ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሥልጣኑ ራሱ ከጦሩ ወደ ሲቪል ሚኒስትር ተሻግሯል። በፌብሩዋሪ 2023 የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤዛሌል ስሞትሪች በመከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ በተሰጣቸው ሹመት የሰፈራ ጉዳዮችን ተረከቡ፤ በሜይ 2024 በወጣ ወታደራዊ ትእዛዝም ሰፊ የመሬትና የግንባታ ሥልጣን በዌስት ባንኩ አስተዳደር ውስጥ ላለ አንድ ሲቪል ምክትል ኃላፊ ተላለፈ። በሕግ ዓይን በጦር የተያዘ መሬት የሚተዳደረው በጦር አዛዥ ነው፤ ይህን ሥልጣን ለመንግሥት ሚኒስትር መስጠት ማለት መሬቱን እንደ ራስ ግዛት ማስተዳደር ማለት ነው። ዜናው አንድ ቀን ከውስጥ ገጽ ታትሞ አለፈ፤ ከዘመናት ንግግር ሁሉ ይልቅ ይህ የቢሮ ዝውውር ነበር የመጠቅለሉ ዋና ምዕራፍ ብዬ አምናለሁ።

ወለላ፦

አድማስና ሚዛን፣ ከሁለታችሁም ተምሬያለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ተጠያቂነቱ «ተበተነ» ስንል፣ ሳናስበው ለባለሥልጣናቱ መሸሸጊያ እየሠራንላቸው እንዳይሆን እሰጋለሁ። የ2007ቱ ስምምነት ፈራሚዎች በስም ይታወቃሉ። የስሞትሪችም እንዲሁ፤ በኦገስት 2025 ማአሌ አዱሚም በተባለው ሰፈራና በምሥራቅ ኢየሩሳሌም መካከል 3,400 ያህል ቤቶች የሚያሠራው የ«ኢ1» ዕቅድ ሲጸድቅ፣ ሚኒስትሩ ይህ የፍልስጤም መንግሥትን ሐሳብ የሚቀብር ነው ብለው በይፋ ተናግረዋል። በጁላይ 2025 የእስራኤል ፓርላማ (ክኔሴት) መጠቅለልን የሚደግፍ አስገዳጅ ያልሆነ ውሳኔ በ71 ለ13 ድምፅ አሳልፏል። እዚህ ውስጥ የተሰወረ ፊርማ የት አለ? የጠፋው ስም ሳይሆን ውጤት ነው።

ሕሊና (ጠያቂ)፦

ወለላ፣ እህቴ፣ የጠቀሱት እውነት ነው፤ የጥያቄዬን ሁለተኛ ክፍልም ወደ ፊት አመጡልኝ። በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የኤፕስቲን ሰነዶች ይፋ እንዲወጡ በ427 ለ1 ድምፅ ሲወስን እጅግ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሕጉ ሰነድን ለማንም ባለሥልጣን ዕፍረት፣ ለስም መጉደፍ ወይም ለፖለቲካ ስሱነት ተብሎ መከልከል እንደማይቻል በግልጽ ይደነግጋል፤ ለፍትሕ ሚኒስቴሩ የተሰጠውም 30 ቀን ነበር። ቀኑ ሲደርስ የወጣው ከፊሉ ብቻ ሆነ፤ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ገጾች የወጡት በጃንዋሪ 2026 መጨረሻ ነው። በአንጻሩ በዌስት ባንክ ሁሉም ነገር በአደባባይ ነው። አንዱ ጋ ሰነድ በግዴታ ይወጣል፣ ሌላው ጋ ሚኒስትሩ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ በሁለቱም ግን የሚከተል ነገር የለም። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

ሚዛን፦

ወለላ ላነሡት ተቃውሞ እጅ እሰጣለሁ ማለት ባልችልም፣ ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ወስደውታል። እኔ የጎደለው የተበዳዩ የመጠየቅ መብት ነው እላለሁ። «ማን ፈረመ?» ከሚለው ይልቅ «ሲፈረም ማን በክፍሉ ውስጥ አልነበረም?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ጉዳዮች በቅርበት ያገናኛቸዋል።

በፍሎሪዳ ልጃገረዶቹ ከስምምነቱ ውጭ ተደረጉ፤ በኋላም የሕጉ በር ተዘጋባቸው። ለዚህ ተቃራኒ የሚሆነውን ተመልከቱ፤ ተጎጂዎች ራሳቸው ከሳሽ መሆን በቻሉበት በፍትሐ ብሔር ችሎት፣ ኤፕስቲን ደንበኛቸው ከነበረባቸው ባንኮች በ2023 ጄፒ ሞርጋን 290 ሚሊዮን ዶላር፣ ዶይቼ ባንክ ደግሞ 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። የገንዘብ ካሳ ከወንጀል ተጠያቂነት ጋር አይተካከልም፤ ነገር ግን መንግሥት ለዓመታት ያላመጣውን ውጤት ያመጣው የተበዳዮቹ ራስን ችሎ መክሰስ ነው። የብሪታንያው ንጉሥ ወንድም አንድሩም በ2022 ከተጎጂዎቹ አንዷ ከሆነችው ከቨርጂኒያ ጁፍሬ ጋር የተስማማው በእርሷ ክስ ምክንያት ነበር፤ የልዑልነት ማዕረጉ የተነሣው ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር 2025 ነው። እርሷ ይህን ሳታይ በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ አርፋለች፤ ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል።

አድማስ፦

ሚዛን፣ በመሬቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም በጽሑፍ የሰፈረ ነው። በ1971 የወጣው ወታደራዊ ትእዛዝ 418 የፍልስጤም መንደሮች የነበሯቸውን የፕላን ኮሚቴዎች አፍርሶ ሥልጣናቸውን ለጦሩ የበላይ የፕላን ምክር ቤት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ከዌስት ባንክ 60 በመቶ ያህል በሚሆነው፣ «ሲ» ተብሎ በሚጠራው ቀጣና፣ የፍልስጤማዊው ቤት ይሠራ ወይስ ይፍረስ የሚለውን የሚወስነው ፍልስጤማውያን የሌሉበት አካል ነው። ሰፋሪው በእስራኤል የሲቪል ሕግ ሲዳኝ፣ ጎረቤቱ ፍልስጤማዊ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ይዳኛል። የድምፅ መስጫ ካርድ የሌለው ሰው ሚኒስትሩን በምርጫ መቅጣት አይችልም።

ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በጁላይ 19 ቀን 2024 በሰጠው የምክር አስተያየት እስራኤል በተያዙት ግዛቶች መቆየቷ ሕገ ወጥ እንደሆነ፣ የሰፈራ ግንባታ እንዲቆምና ሌሎች መንግሥታትም ሁኔታውን እንዳያጸድቁ ወይም እንዳይረዱ አስታውቋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር እስራኤል ከግዛቶቹ እንድትወጣ በ124 ድምፅ የ12 ወር ቀነ ገደብ አስቀመጠ፤ ቀኑም አለፈ። ከዚህ በኋላ እንደ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ ኖርዌይ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ያሉ መንግሥታት በጁን 2025 በስሞትሪችና በወቅቱ የብሔራዊ ጸጥታ ሚኒስትር በነበሩት በኢታማር ቤን ግቪር ላይ የግል ማዕቀብ ጥለዋል። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ፖሊሲን ከሰው ጋር አያይዞ በማየቱ ወለላ ካሉት ጋር ይገጥማል።

አሁን በቅርብ መከታተል ያለብን የመሬት ምዝገባውን ነው። የእስራኤል የጸጥታ ካቢኔ በሜይ 2025 በ«ሲ» ቀጣና የታገደው ምዝገባ እንዲቀጥል ወስኗል። ሰፈራ ሊፈርስ፣ ወታደራዊ ትእዛዝም ሊሻር ይችላል፤ የተመዘገበ የባለቤትነት መብት ግን የመጨረሻ ነው። ከ1967 ጀምሮ በውጭ የቀሩ ወራሾች ድርሻ «የሌሉ ሰዎች ንብረት» ተብሎ በአስተዳደሩ እጅ የሚገባበት ሥርዓት ስላለ፣ ማስረጃ ይዞ ሊቀርብ የሚገባው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው ሊገባ የማይፈቀድለት ነው። በየመንደሩ የቆዩ የግብር ደረሰኞችንና የውርስ ሰነዶችን የሚያሰባስቡ ጠበቆች ሥራ ዛሬ ከማንኛውም ጉባኤ ውሳኔ በላይ አስቸኳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።