ለዓሣ አስጋሪዎች በስላይድ ማስረዳት፦ 15 ደቂቃ አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

ጣና ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ፣ ባህር ዳር። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚሁ ከተማ ስብሰባ አለን። ከዘጌም ከፎገራ በኩልም አስጋሪዎች ይመጣሉ፣ ወደ 80 ሰው ይሆናል። የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው። የማስረዳው አንድ ነገር ነው፦ ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይሄዳል። ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ እናቲቱ እንቁላሏን ሳትጥል ትያዛለች። ነገሩን አውቀዋለሁ፣ ከልቤም ያሳስበኛል። ችግሬ አቀራረቤ ነው።

አምና ተመሳሳይ ስብሰባ ላይ 38 ስላይድ ይዤ ገባሁ። የጻፍኩት ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ ፎንት ነበር። አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ፍላሹን ስሰካ ፊደሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተቀየረ። የራሴን ላፕቶፕ አስመጥቼ እስክቀጥል 20 ደቂቃ ሄደ። ከዚያ በጥድፊያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ማንበብ ጀመርኩ። አሥረኛው ስላይድ ላይ ስደርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ጀርባህን ነው እኮ የምናየው፤ ዞር በልና ንገረን» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፣ እንደ አባት ነው ያሉኝ። ዞርኩ። ግን ከስላይዱ ውጭ የምናገረው ጠፋኝ። እስካሁን ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ።

እና ጥያቄዬ፦ ስንት ስላይድ ይበቃኛል? በአማርኛ ስጽፍ የማይከዳኝ ፎንት የትኛው ነው? ደግሞ ማንበብ የማይችሉ ሰዎችም ስላሉ ስላይዱን ጭራሽ ልተወው እንዴ?

ፊደል ለቃሚ

ወንድሜ ከፎንቱ ልጀምርልህ፣ እሱ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነው።

የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ አይደሉም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ማሽን አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠውን ሥርዓት አይከተሉም። «ሀ» ብለህ ስትጽፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፣ «ሀ» አድርጎ የሚያሳይህ ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ያ ላቲን ይወጣል። አምና ያየኸው እሱን ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ ቢቀየር እንኳ አማርኛ ሆኖ ይቀራል። የድሮውን ጽሑፍ መርጠህ የፎንቱን ስም ብቻ ብትቀይር አይሠራም፣ እንደ አዲስ ጻፈው።

ኒያላ የሚባለው ፎንት ያምራል፣ ግን ዊንዶውስ 10 ላይ ለብቻው ካልተጫነ ላታገኘው ትችላለህ። ደማቅ የሚባልም የለውም። ቦልድ ስትለው ፓወርፖይንት በራሱ ያወፍረዋል፣ ያኔ የፊደሉ ሆድ ይደፈናል። ኢብሪማ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል፣ የራሱ ቦልድም አለው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ በነፃ ይወርዳል፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም ሁሉም አለው። ከሁለቱ አንዱን ያዝ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልንገርህ። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ» የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች አንድ ጭረት ነው። ከኋላ ወንበር ያቺ ጭረት ካልታየች «ሸማ» ያልከው «ሰማ» ተብሎ ይነበባል። ለእንግሊዝኛ ተብሎ የወጣ የመጠን ምክር ለእኛ ፊደል ይጠብባል። ከ36 በታች አትውረድ፣ መስመሮቹንም አራርቃቸው። ልታጎላው የምትፈልገው ቃል ካለ ቀለም ስጠው ወይ አተልቀው፣ ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገር የለንምና።

ሲያልቅ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ ውስጥ ገብተህ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አድርግበት። ፒዲኤፉንም አውጥተህ እዚያው ፍላሽ ላይ ያዝ። ከቻልክ አዳራሹን ቀድመህ እይ፦ ገመዱ ቪጂኤ ነው ኤችዲኤምአይ? መጋረጃ አለ ወይስ ፀሐይ ይገባል? ብርሃን ካለ ነጭ ላይ ጥቁር ጻፍ፣ ጥቁር ጀርባ እዚያ ቤት አይነበብም።

ፖሊ ሰፈር

የስላይዱ ቁጥር ቀላል ነው። ጋይ ካዋሳኪ ያወጣው የ10/20/30 ሕግ አለ፦ 10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃ፣ ከ30 ነጥብ የማያንስ ጽሑፍ። አንተ 15 ደቂቃ ስላለህ 7 ወይ 8 አድርገው፣ አለቀ።

መምህር ነበርኩ

ልጄ፣ «ፖሊ ሰፈር» ያነሳው ሕግ ጥሩ ነው። ግን የወጣው ባለሀብት ፊት ቆመው ገንዘብ ለሚጠይቁ ጀማሪ ኩባንያዎች ነው። አንተ ፊት የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ቁጥሩን ተወውና እያንዳንዱን ስላይድ «ይህ ባይኖር በአፌ ማስረዳት ያቅተኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። አያቅተኝም ካልክ አውጣው።

እኔ ያስተማርኩት በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ዘመን ነው፣ ላስቲክ ላይ በማርከር እየጻፍን። ፓወርፖይንትም በ1987 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ሲወጣ መጀመሪያ ያገለገለው ያንኑ ላስቲክ ለማዘጋጀት ነበር። ላስቲኩን በእጅህ ስለምትጽፈው በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሦስት ከአራት አታወጣም፣ የምትጽፈውም የደም ሥር ሥዕል ወይ ካርታ ወይ ቀመር ነው፣ ቀሪውን አንተው ቆመህ ትናገራለህ። አሁን ግን ሪፖርቱን ገልብጦ መለጠፍ ቀላል ሆነና ሰው ንግግሩን በሙሉ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሰው ደግሞ እያነበበ አይሰማም። በዓይኑ አንብቦ ይቀድምህና አንተ እስክትጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አምና የደረሰብህ ይኸው ነው።

ርእሱን ዓረፍተ ነገር አድርገው። «የነጭ ዓሣ የመራቢያ ወቅት» ምንም አልነገረኝም። «ነጭ ዓሣ ክረምት ወደ ወንዝ ይወጣል» ግን ነገረኝ። ይህን ቀላል ነገር አድርገህ አትየው። በ2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎች እንደያዘች ስትመለስ ተበታተነች። መርማሪ ቦርዱ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ መንኮራኩሯ ከመመለሷ በፊት መሐንዲሶቹ ስለ ደረሰባት ጉዳት ለኃላፊዎች ያሳዩት ስላይድ ነበር። የስላይዱ ርእስ የሚያረጋጋ ነው፣ የሚያስፈራው ነገር ግን ታች በትናንሽ ጽሑፍ ተቀብሯል። አደጋውን ያመጣው ስላይዱ ነው እያልኩህ አይደለም። ዋናውን ነገር ታች የቀበረ ሰው አልተናገረም ነው የምልህ።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምርልህ። ስላይድ ሾው ላይ እያለህ የእንግሊዝኛውን «ቢ» ስትጫን ግድግዳው ይጨልማል፣ ድጋሚ ስትጫነው ይመለሳል። ሰው እንዲያይህ ስትፈልግ ተጠቀምበት።

እታለም

ማንበብ ስለማይችሉት ጠይቀሃል። ስላይዱን አትተወው፣ ጽሑፉን ተወው።

ጤና ላይ ነው የምሠራው፣ እናቶችን አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ ከ10 ሕፃን ስንቱ ክትባት እንደጨረሰ በባር ግራፍ አሳየሁ። ዝም ብለው ያዩኛል። በማግሥቱ ረከቦቱን ከነስኒው አምጥቼ 10 ስኒ ደረደርኩ፣ ክትባት የጨረሱትን ያህል ስኒ ውኃ ሞላሁ፣ የቀሩትን ባዶ ተውኳቸው። አንዷ እናት ብድግ ብላ ባዶውን ስኒ በጣቷ ነካችና «ይኸ የማን ልጅ ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ግራፍ አላሳየሁም።

አንተም ዓሣዋን አሳያቸው። ጠዋት ዓሣ ሲራገፍ ሂድና ሆዷ የተከፈተ፣ እንቁላሏ የሚታይ ነጭ ዓሣ በስልክህ አንሳ። ፎቶው ሙሉ ስላይዱን ይያዝ፣ ጥጉ ላይ አርማ ምናምን አትለጥፍበት። መረቡንም በእጅህ ይዘህ ግባ።

ልምምዱን ደግሞ ላፕቶፑን ዘግተህ አድርገው። ቤት ውስጥ ለእናትህ ወይ ለባለቤትህ ተናገር፣ ስልክህ ላይ ሰዓት ይዘህ። ላፕቶፑ ተዘግቶ መናገር ካቃተህ ገና አልተዘጋጀህም ማለት ነው።

የደንገል ታንኳ

እኔ የአስጋሪ ልጅ ነኝ፣ ራሴም አሰግራለሁ። ስለ ፎንቱ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልበልህ ወንድም፣ አትቀየመኝ።

ክረምት ወንዝ አፍ ላይ ነጭ ዓሣ እንደሚበዛ እኛም እናውቃለን። የምንሄደው ለዚያ ነው። የምታሳየንን ስላይድ ሁሉ አይቼ እቤቴ ስገባ የሚቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም ልጆቼ ምን ይብሉ? እሱን ካልመለስክ ፎቶው ቢያምር ባያምር ለእኔ ያው ነው። ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ይህን ጥያቄ ራሱ አንስቶ የጀመረ ሰው ግን አላየሁም፣ ሁሌ እኛ ነን መጨረሻ ላይ የምናነሳው፣ ያኔ ደግሞ ሰዓት አልቋል ይባላል።

ጣና ዳር

የደንገል ታንኳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሳነብ ያዘጋጀሁትን ሁሉ አፈረስኩት።

አሁን ስድስት ስላይድ ነው። የመጀመሪያው የአንተ ጥያቄ ነው፣ በትልቁ፦ «በክረምት ምን እንበላለን?» ሁለተኛው እንቁላል የያዘችው ዓሣ፣ ፎቶ ብቻ። ሦስተኛው የሐይቁ ካርታ ከጉማራና ከርብ ጋር። አራተኛው ወራቱ። አምስተኛው «ቆሮሶ ወንዝ አይወጣም» ይላል፣ ምክንያቱም ቆሮሶ የሚባለው ሌላው ዓሣ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ዳር ነው፣ ስለዚህ ለእነዚያ ወራት መረቡን ከወንዝ አፍ አንስቶ ወደ ሐይቁ ማዞር ይቻላል ወይ የሚለውን አብረን እንድንነጋገርበት ነው። መልሱን ሙሉ በሙሉ ይዣለሁ አልልም፣ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ስድስተኛው «አመሰግናለሁ» ነው። መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

መምህር ነበርኩ

ስድስተኛውን አውጣው። ምስጋናህን በአፍህ ተናገር። ውይይቱ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳው ላይ «አመሰግናለሁ» ነው የሚቀመጠው። በምትኩ አምስተኛው እዚያው ይቆይ፣ ሰው እሱን እያየ ይከራከር።

ካርታው ላይ ባህር ዳርን ምልክት አድርግና «እኛ እዚህ ነን» በልበት።

ጣና ዳር

ትናንት አቀረብኩ። የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ፎንቱ ምንም አልሆነም። «በክረምት ምን እንበላለን?» የሚለውን አውጥቼ ዝም አልኩ። አዳራሹም ዝም አለ፣ ከዚያ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ «እሽ፣ ንገረን» አለ። ዓሣዋን ሳወጣ መብራት ጠፋ። አምና ቢሆን እዚያው ላይ አበቃልኝ ነበር። መረቡን አንስቼ ወደ መካከል ገባሁና ዘርግቼ፣ እንቁላል የያዘችው በየት በኩል እንደምትመጣና የት ላይ እንደምትያዝ በእጄ እያሳየሁ ቀጠልኩ። ከጎን የነበሩ ሁለት ሰዎች ተነስተው ጫፍና ጫፉን ያዙልኝ። መብራቱ ሲመጣ አራተኛው ስላይድ ላይ ለመድረስ የቀረኝ ትንሽ ነበር።

ያልሆነው ካርታው ነው። «እኛ እዚህ ነን» ብዬበት እንኳ አልገባቸውም። አንድ አስጋሪ «ጉማራ እዚያ አይደለም» ብሎ ተከራከረኝ። ካርታው ትክክል ነው፣ እሱም ትክክል ነው፤ እሱ ወንዙን የሚያውቀው ከታንኳ ላይ ሆኖ ነው፣ እኔ ያሳየሁት ከሰማይ ነው። ለሚቀጥለው ካርታውን ትቼ የወንዙን አፍ ከውኃው በኩል ሆኜ ፎቶ አነሳዋለሁ።

አምስተኛው ስላይድ ላይ 50 ደቂቃ ተከራከሩ። መስከረም ይጨመር አይጨመር በሚለው አልተስማሙም። ከዘጌ የመጡት አንድ ወገን፣ ከፎገራ የመጡት ሌላ ወገን ሆነው ቀሩ። በሚቀጥለው ወር ይቀጥላል ተብሏል።

እታለም

የዓሣዋን ፎቶ ላክልኝ። ለእናቶቹ ስለ ምግብ ሳስተምር እፈልገዋለሁ።

የደንገል ታንኳ

ከውኃው በኩል ማንሳት ከፈለግህ በጠዋት ና፣ በታንኳዬ አደርስሃለሁ። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ፎቶው ይንቀጠቀጥብሃል።